ስፔስ ኢንቬደርስን እንደነበረው መልሶ መስራት፦ ከስዕሉ በፊት ፍሬሙን ቁጠሩ

መጀመሪያ የሰራሁትን ቨርዥን ለአጎቴ ሳሳየው ሁለት ደቂቃ ተጫውቶ ስልኩን መለሰልኝ። ጋሼ ድሮ ሮም እያለ ቡና ቤት ውስጥ ሳንቲም እየከተተ ስፔስ ኢንቬደርስ (ከላይ በሰልፍ የሚወርዱ ኤሊየኖችን፣ ማለትም የጠፈር ፍጥረቶችን፣ ከታች ባለች መርከብ ምሽግ ይዛችሁ የምትተኩሱበት ጌም ነው) ሲጫወት ያመሽ ነበር፣ እና "ስዕሉስ እሱ ነው፣ ነገሩ ግን እሱ አይደለም" አለኝ። ምኑ ነው ታዲያ ብለው ማስረዳት አቃተው፣ ዝም ብሎ እጁን እያወናጨፈ "መጨረሻ ላይ የምትቀረዋ አንዷ እኮ እብድ ናት፣ ያንተዋ ጨዋ ናት" ብሎኝ ቡናውን ማንሳት። እኔ ደግሞ ስዕሉን ፒክስል በፒክስል ስገለብጥ ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ ተናደድኩ። ሰውየው ግን ልክ ነበር፣ ለምን ልክ እንደነበረ ለማወቅ ሌላ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ፣ እናንተ እንዳትለፉ ነው ይሄን የምጽፈው።

ጎዶት ወይ ዩኒቲ የሚባሉትን የጌም መስሪያ ኤንጅኖች ትንሽ ነካ ነካ አድርጋችሁ ከሆነ ይበቃል። የድሮ ሳይንስ ፊክሽን ጌም ለዛሬ ተጫዋች መልሳችሁ መስራት ካማራችሁ ግን በትልቁ አትጀምሩ። ሲስተም ሾክን እዩት፣ የ1994 ጌም ነው፣ መልሰው ሊሰሩት በ2016 ከህዝብ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ፣ መሀል ላይ ኤንጅን ቀየሩ፣ በ2018 ከመጀመሪያው ሀሳብ ርቀናል ብለው ስራውን አቆሙት፣ እንደገና ተነስተው ያወጡት በ2023 ነው። ቲም ያላቸው፣ ብር ያላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ስፔስ ኢንቬደርስን ግን በ1978 ጃፓን ውስጥ "ታይቶ" በሚባል ኩባንያ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሚባል ሰውዬ ነው የሰራው፣ ዲዛይኑንም ኮዱንም፣ የሚሮጥበትን ቦርድ ሳይቀር። ኮዱም ስዕሉም ተደምሮ 8 ኪሎባይት ውስጥ ይገባል፣ ዛሬ አንዱ የቴሌግራም ስቲከር ብዙ ጊዜ ከዛ ይበልጣል። አንድ ሰው የሰራውን አንድ ሰው መልሶ ይጨርሰዋል።

ኮድ ከመክፈታችሁ በፊት ኦሪጅናሉን ተጫወቱ፣ ዩቲዩብ ላይ ማየት ሳይሆን መጫወት፣ አሁንም በክላሲክ ስብስብ ውስጥ ገዝታችሁ የምታገኙት ጌም ነው። ስትጫወቱ ስክሪኑን በሰከንድ በ60 ፍሬም ቅዱት (ፍሬም ማለት ቪድዮው የተሰራባት አንዷ ምስል ናት)፣ በ30 የተቀዳ ቪድዮ ግማሹን ስለሚያስቀርባችሁ ምንም አይጠቅምም። ከዛ ቪኤልሲ በሚባለው የቪድዮ ማጫወቻ ክፈቱትና ከኪቦርዱ ኢ የሚለውን እየተጫናችሁ ፍሬም በፍሬም ሂዱ። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን፣ ማን መቼ ስንት ፒክስል እንደተንቀሳቀሰ ጻፉ። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ፣ ግን የጋሼ እብድ የተገኘችው እዚ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ኢንቴል 8080 ነው፣ ፍጥነቱ 2 ሜጋኸርዝ። በአምስት ረድፍ አስራ አንድ አስራ አንድ እያሉ የተደረደሩ 55 ኤሊየኖች አሉ፣ እና ሁሉንም በአንድ ፍሬም አጥፍቶ እንደገና ለመሳል አቅም የለውም። ስለዚ በአንድ ፍሬም አንድ ኤሊየን ብቻ ያንቀሳቅሳል። በሰከንድ 60 ፍሬም ነው ያለው፣ 55ቱም በህይወት ካሉ ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ እስኪሄዱ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ገዳድላችሁ 20 ሲቀሩ በአንድ ሶስተኛ ሰከንድ ዙሩ ያልቃል። አንድ ብቻ ስትቀር ተራ የምትጠብቀው ሰው ስለሌለ በየፍሬሙ ትሄዳለች፣ ያቺ ናት እብዷ። "እያነሱ ሲሄዱ ፍጠኑ" የሚል መስመር ኮዱ ውስጥ የለም፣ የማሽኑ ድክመት ነው ያፈጠናቸው፣ ኒሺካዶም ይሄን አይቶ ለጌሙ ጥሩ ሆኖ ስላገኘው ተወው።

እኔ ምን አድርጌ ነበር መሰላችሁ፣ 55ቱንም አንድ ላይ እያንቀሳቀስኩ በሞቱት ቁጥር ልክ ፍጥነት የሚጨምር ፎርሙላ ጽፌ። ሲያዩት ቆንጆ ነው፣ ለስላሳ ነው። ግን ኦሪጅናሉ ለስላሳ አይደለም፣ የታችኛው ረድፍ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ይነቃነቃል፣ ከዛ ከላዩ ያለው ይከተላል፣ ሰራዊቱ በሙሉ እንደ አባጨጓሬ እየተጥመዘመዘ ነው የሚመጣው። ያ መጥመዝመዝ ከሌለ ስዕሉ የቱንም ያህል ቢመሳሰል ድሮ የተጫወተ ሰው እጁ ያውቃል።

አሰራሩ ቀላል ነው። 55ቱን አንድ አሬይ (የኮድ ዝርዝር) ውስጥ ከታች ግራ ጀምራችሁ ደርድሩ፣ አንድ ጠቋሚ ቁጥር ያዙ። በየቲኩ፣ ማለትም ሎጂኩ አንዴ በሮጠ ቁጥር፣ ጠቋሚው ወደሚቀጥለው በህይወት ያለ ኤሊየን ይዝለል (የሞቱትን ለማለፍ ፍሬም አታባክኑ፣ እዛው ቲክ ላይ ዝለሏቸው፣ አለበለዚያ በጭራሽ አይፈጥኑም) እና እሱን ብቻ 2 ፒክስል ወደ ጎን ይግፋው። ዙሩ ሲያልቅ ከቀሩት አንዱ እንኳ ጠርዝ ነክቶ እንደሆነ እዩ፣ ከነካ በሚቀጥለው ዙር እያንዳንዱ በተራው 8 ፒክስል ይውረድና አቅጣጫ ይቀይር። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፣ የመጨረሻዋ ብቻዋን ስትቀር ወደ ቀኝ ስትሄድ በ3 ፒክስል፣ ወደ ግራ ስትመለስ በ2 ነው የምትሄደው። ማንም አያየውም ትላላችሁ፣ ጋሼ ግን ወደ ቀኝ ስትሄድ ቀደም ብሎ ነው የሚተኩሰው፣ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

እዚ ጋር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ይሄ ሁሉ የሚሰራው ሎጂኩ በሰከንድ በትክክል 60 ጊዜ ከሮጠ ነው። የስልክ ስክሪኖች አሁን በሰከንድ 90 ፍሬም ናቸው፣ 120 ናቸው፣ እና ኮዱን ተራው አፕዴት ውስጥ ካስገባችሁት 120 ስክሪን ያለው ልጅ ጋር ጌሙ በእጥፍ ይሮጣል። ጎዶት ላይ ፊዚክስ ፕሮሰስ ውስጥ ክተቱት፣ ሲጀመርም 60 ነው። ዩኒቲ ላይ ግን ፊክስድ አፕዴት ካልነካችሁት በሰከንድ 50 ነው፣ ሴቲንግ ገብታችሁ 0.016667 አድርጉት፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁጥሮቹ ለምን አይገጥሙም እያልኩ ፀጉሬን ስነጭ ነው የዋልኩት።

ስክሪኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ኦሪጅናሉ ሞኒተሩን በጎኑ አቁመውት ወርዱ 224 ቁመቱ 256 ፒክስል ነው፣ እና ይሄ ለስልክ የተፈጠረ ይመስላል፣ ቁም ስክሪን ነው በቃ። በዛው መጠን ሳሉትና በሙሉ ቁጥር ብቻ አባዙት፣ ወርዱ 1080 የሆነ ስልክ ላይ በ4 ስታባዙት 896 በ1024 ይሆናል፣ ከስር የሚተርፈው ቦታ ላይ በተኖቹን ታስቀምጣላችሁ። በ4.8 አባዝቼ ስክሪኑን ልሙላው ካላችሁ አንዱ ፒክስል ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆኖ ያስጠላል።

ቀለሙ ግን ትንሽ ወሬ አለው። ሞኒተሩ ጥቁርና ነጭ ነበር፣ አረንጓዴውና ቀዩ የመጣው ስክሪኑ ላይ በተለጠፈ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ነው። ስለዚ ቀለሙ የእቃው ሳይሆን የቦታው ነው፣ ጥይቷ ከመርከቧ ስትወጣ አረንጓዴ ናት፣ መሀል ላይ ነጭ ትሆናለች፣ ላይ ስትደርስ ቀይ። ኤሊየኖቹም ወደታች ወርደው አረንጓዴው ውስጥ ሲገቡ ይቀየራሉ፣ አበቃልኝ የሚያስብለው እሱ ነው። ስፕራይቶቹን (የኤሊየኖቹን፣ የመርከቧን ስዕሎች) ቀለም አትቀቡ፣ ሁሉንም ነጭ አድርጋችሁ ከላያቸው መልቲፕላይ የሆነ፣ ማለትም ነጩን በራሱ ቀለም የሚቀይር፣ ባለቀለም ንጣፍ ጣሉበት፣ አለቀ።

ምሽጎቹ አራት ናቸው፣ እያንዳንዱ 22 በ16 ፒክስል። እነዚህን ባለ ሶስት ደረጃ ስዕል አድርጎ መስራት፣ ማለትም ሙሉ፣ የተጎዳ፣ የፈረሰ፣ ቀላሉ መንገድ ነው ግን ጌሙን ይገድለዋል፣ ምክንያቱም ጎበዝ ተጫዋች በራሱ ምሽግ መሀል ቀጭን ቀዳዳ በጥይት ከፍቶ በዛች ውስጥ ነው የሚተኩሰው። እያንዳንዱን ምሽግ እንደ ትንሽ ቢትማፕ፣ ማለትም ፒክስል በፒክስል እንደምትቀይሩት ስዕል፣ ያዙት፣ ጥይት ወይ ቦንብ ሲያርፍበት የፍንዳታውን ቅርፅ ከላዩ ደምስሱ፣ ግጭቱንም የቀረውን ፒክስል እያያችሁ ፈትሹ። ኤሊየኖቹም ሲደርሱበት እየበሉት ያልፋሉ፣ እሱን እንዳትረሱ።

ጥይት አንድ ብቻ ነው። የተኮሳችሁት የሆነ ነገር እስኪመታ ወይ ከላይ እስኪወጣ ሁለተኛ የለም፣ በየፍሬሙ 4 ፒክስል ነው የሚሄደው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ቀን "ለምን ተራራራራ አይልም?" አለኝ፣ ፓብጂ የለመደ ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ይሄን ከቀየራችሁ ሌላ ጌም ነው የሰራችሁት፣ ምክንያቱም መሳት ዋጋ የሚያስከፍለው እዚ ጋር ነው፣ የሳታችሁት ጥይት ስክሪኑን አቋርጦ እስኪወጣ ባዶ እጃችሁን ቆማችሁ ታያላችሁ። በሶስተኛው ቀን ልጁ ራሱ ቀስ ብሎ ማነጣጠር ጀመረ።

ከላይ የምታልፈዋ ቀይ መርከብ 25 ሰከንድ ከምናምን ቆይታ ነው የምትመጣው፣ ከ8 ያነሱ ኤሊየኖች ከቀሩ ግን አትመጣም። ነጥቧ ራንደም ይመስላል፣ 50፣ 100፣ 150፣ አንዳንዴ 300። ራንደም አይደለም። ጌሙ የተኮሳችሁትን ጥይት ይቆጥራል፣ በ23ኛው ጥይት የመታት ሰው 300 ያገኛል፣ ከዛ በኋላ በየ15ቱ። እንደውም ዝርዝሩ ላይ 16 ቁጥሮች ተቀምጠው በኮድ ስህተት 15ቱ ብቻ ናቸው የሚሰሩት። ራንደም ብላችሁ ካለፋችሁት ማንም አይከሳችሁም፣ ግን ድሮ ጥይት እየቆጠሩ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱን ነው የምትክዷቸው።

ይሄ ወደ ባግ፣ ማለትም ወደ ኮድ ስህተት፣ ጥያቄ ይወስደናል። ባግ ይስተካከል ወይስ ይቅር? የኔ መስፈርት ይቺ ናት፣ ተጫዋቹ ወደ እውቀት የቀየረው ባግ ይቀራል። ጃፓን ውስጥ ናጎያ በምትባለው ከተማ ስም የሚጠሩት ስልት አለ፣ ኤሊየኖቹ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ፣ አፍንጫችሁ ስር እስኪደርሱ ትጠብቃላችሁ፣ እዛ ሲደርሱ ቦንባቸው እናንተን ሳይነካ ያልፋል፣ ከዛ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ባግ ነው፣ ግን ነፍስ የሚያስወጣ ድፍረት የሚጠይቅ ባግ ነው፣ አትንኩት። ተጫዋቹን ዝም ብሎ የሚያናድድ፣ ማንም የማይወደው ነገር ከሆነ ግን ያለ ይሉኝታ አስተካክሉ። ሲስተም ሾክን የሰሩትም ልጆች ይሄን አውቀዋል፣ የ1994ቱ በማውስ ዙሪያን ማየት እንኳ አይፈቅድም ነበር፣ መቆጣጠሪያውን ለዛሬ እጅ ቀየሩት፣ ጌሙ የሚካሄድበትን የጠፈር ጣቢያ ግራ የሚያጋባ መተላለፊያ ግን አላቀኑትም።

ታዲያ ለዛሬ ሰው ምን እንጨምር? ፖዝ፣ ስልክ ይደወላላ። ሃይስኮር ሴቭ ማድረግ፣ ኦሪጅናሉ ማሽኑ ሲጠፋ ነጥቡም አብሮ ይጠፋ ነበር፣ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይሄ ናፍቆት ሳይሆን በሽታ ነው። ለሚፈልግ ደግሞ ፍጥነቱን ዝቅ የሚያደርግ ሴቲንግ፣ ሲከፈት ግን ኦሪጅናሉ ይሁን የሚመጣው። ድምፁ ላይ ዱም ዱም የምትለዋ ባለ አራት ኖታ ከኤሊየኖቹ ቁጥር ጋር አብራ መፍጠን አለባት፣ ልብ የምታስመታው እሷ ናት፣ ከላይዋ ሙዚቃ አትጨምሩ በናታችሁ። ብሉቱዝ ኢርፎን ላይ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፣ የናንተ ጥፋት ስላልሆነ ኮዱን አትቀይሩ፣ በስልኩ ስፒከር ፈትሹ።

ልትለቁት ከሆነ ስሙንና የኤሊየኖቹን ስዕል ቀይሩ፣ ስሙም ስዕሉም የታይቶ ነው፣ ታይቶ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ የሌላ የጃፓን ጌም ኩባንያ፣ የስኩዌር ኢኒክስ ነው። ለራሳችሁና ለቤተሰብ ስትጫወቱበት ሌላ ነገር ነው፣ ፕሌይ ስቶር ላይ ስትለጥፉት ሌላ። አጨዋወቱን ግን ይዛችሁ የራሳችሁን ፍጥረቶች መሳል ትችላላችሁ፣ የኦሪጅናሉ ኦክቶፐስና ሸርጣን ነገር ነው የሚመስሉት፣ እኔ የሰራሁት የጣና ዓሳና ጉማሬ ነው።

ስትፈትሹ ለሁለት አይነት ሰው ስጡት፣ ድሮ ለተጫወተና አይቶት ለማያውቅ፣ ምንም ሳትነግሯቸው። ስክሪኑን ሳይሆን ሰውየውን እዩ። አዲሱን ቨርዥን ለጋሼ ስሰጠው መነፅሩን አድርጎ ጀመረ፣ ዝም አለ፣ አንዷ ስትቀር ከወንበሩ ተነሳ፣ ሳታት፣ በጣልያንኛ ተሳደበ። ከዛ ስልኩን ሳይመልስልኝ እንደገና ጀመረ፣ እኔም ቻርጀር ፍለጋ ሄድኩ።