«አመሰግናለሁ በል» ከማለታችሁ በፊት

የጎንደር ልጅ የሰጡትን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ ማለትን ገና አፉን ሳይፈታ ይለምደዋል። ደግ ልማድ ነው። ውለታን መረዳት ግን ዘግየት ብሎ ይመጣል፤ ልጁ ሰጪው ሆን ብሎ እንደሰጠውና ሲሰጠው የደከመበት ወይም የቀረበት ነገር እንዳለ መገንዘብ አለበት።

ይህ የሌላውን ሰው ሐሳብ መረዳት ይጠይቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ልጁ በዚህ የት እንደደረሰ እዩ። አንድ ሙዳይ፣ አንድ ቅርጫትና ቁልፍ ይበቃል። አያቱ ቁልፉን ሙዳዩ ውስጥ አስቀምጠው ይውጡ። እናንተ ልጁ እያየ ወደ ቅርጫቱ አዛውሩትና «እማማ ሲመለሱ መጀመሪያ የት ይፈልጉታል?» በሉት። «መጀመሪያ» የምትለው ቃል አትቅር፤ ከሌለች ጥያቄው ለትንሽ ልጅ ግራ ያጋባል። የ3 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ቅርጫቱን ያሳያል፤ እሱ የሚያውቀውን እሳቸውም የሚያውቁ ይመስለዋል። ከ4 እስከ 5 ዓመት ግን ብዙዎቹ ሙዳዩን ይላሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቪመርና ፐርነር እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ጥናት በዚሁ ዓይነት ጨዋታ የተሠራ ነው።

ቀጥላችሁ «አሁን የት ነው? ቅድምስ የት ነበር?» በሉት። እነዚህን ከሳተ አልተከታተለም ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ድገሙት። ዋናውን ጥያቄ ቢስት አትሳቁበት፣ አታርሙትም። አያቱ ይግቡ፣ ሙዳዩን ከፍተው ያጡት፤ «ለምን እዚያ የፈለጉት ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ዋናው ሥራ ግን የዕለት ወሬ ነው። «መስሏት ነው»፣ «አላወቀም»፣ «ረስተው ነው» የሚሉትን ቃላት አብዙ። ጎረቤት ድፎ ዳቦ ይዘው ሲመጡ ልጁ ጎንበስ ብሎ ይቀበል፤ እንግዳዋ ከሄዱ በኋላ «ሊጡን ማታ አቡክተው፣ ሌሊት ተነሥተው ነው የጋገሩት። ለእኛ ለምን ያመጡልን ይመስልሃል?» በሉና እስከ ዐሥር ቁጠሩ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ወላጅ ቸኩሎ ራሱ ሲመልስ ነው። አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ ምርመራ ነው።

ለአክስቱ ስጦታ ሊገዛ ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ከረሜላ ቢመርጥ አትቆጡት፤ እሱ የሚወደውን መምረጡ ነው። «አክስትህ ከረሜላ ስትበላ አይተሃል? ምን ስትወድ ነው ያየኸው?» በሉት።

እሱም ይመስገን፣ ያደረገው ተዘርዝሮ። «እጄ ሊጥ መሆኑን አይተህ ሳልጠራህ ውኃ አፈሰስክልኝ፤ እደግ ተመንደግ!» ባዶውን «ጎበዝ» ከማለት ይህ ይሻላል። «ስንት ለፍቼብህ!» ማለት ግን ዕዳ ያስቆጥራል፤ ልጁም ሰጪውን መሸሽ ይለምዳል።

6 ዓመት አልፎትም በቁልፉ ጨዋታ ደጋግሞ ከሳተ፣ ሲጠሩትም ቶሎ ካልዞረ፣ ጆሮውን አስመርምሩ። የቤቱን ወሬ የማይሰማ ልጅ ስለ ሰው ሐሳብ የሚነገረው ስለሚያመልጠው በዚህ ረገድ ይዘገያል፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ከሚያናግሩ ወላጆች ጋር ያደጉ መስማት የተሳናቸው ልጆች ግን እንዲህ አይዘገዩም።