ሞተሬን ያስቸገረው ባትሪው ሳይሆን ገመዱ ነበር

ስታርተሩን ስጫን "ቀጭ" ይላል፤ አይነሳም። ከአዘዞ ፒያሳ ደርሼ ካጠፋሁት አለቀ። ባትሪውን ቻርጅ አስደረግሁ፣ ፊውዝ አየሁ፣ የባትሪውን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። ለውጥ የለም። የገዛሁበት ሱቅ "ባትሪ ቀይር፤ ባትሪ ዋስትና የለውም" አለኝ።

መፍትሔው ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ነው። ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ያዙና ሰው ስታርተሩን ይጫንላችሁ። ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደው ገመድ ጤነኛ ከሆነ ከ0.5 ቮልት በታች ያሳያል፤ የእኔ ከ2 አለፈ። ገመዱን ራሳችሁ እንዳትቆርጡ፣ ዋስትናው ይበላሻል! እኔ ቁጥሩን በቪዲዮ ቀርጬ ወሰድኩላቸው። ያኔ ክርክር ቀረ፤ ገመዱን በነፃ ቀየሩልኝ። አሮጌው ሲላጥ ከፕላስቲኩ ሥር መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። በአዲሱ ንባቡ 0.1 ነው።