ለሰፊ ጋራዥና መጋዘን ተንቀሳቃሽ የፕሮፔን ማሞቂያ እንዴት ይመረጣል?

በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ ወይም በቺካጎ አካባቢ ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ ቤት ወይም የዕቃ መጋዘን ያለው ሰው ኅዳር ሲገባ ማሞቂያ ፍለጋ ይወጣል። መደብር ውስጥ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 125,000 ወይም 150,000 ቢቲዩ (ማሽኑ በሰዓት የሚሰጠው ሙቀት መለኪያ) የሚለው ቁጥር ነው። ብዙው ሰው አቅሙ የፈቀደውን ትልቁን አንስቶ ይሄዳል። ከዚያ ሲሊንደሩ ግማሽ ሳይደርስ ላዩ ውርጭ ይይዛል፣ እሳቱ ይደክማል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሠራተኛው ራሴን አመመኝ ይላል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ምርጫው መጀመር የነበረበት ከቤቱ ነው፤ የተጀመረው ግን ከማሽኑ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ቤቱ ውስጥ ምን አለ?

እነዚህ ማሞቂያዎች እሳታቸው ክፍት ነው፤ ጭስ ማውጫም የላቸውም። የተቃጠለው ሁሉ የሚለቀቀው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቤንዚን የሚቀዳበት፣ ቀለም የሚረጭበት፣ ቲነር የሚከፈትበት ወይም ደቃቅ የእንጨት ብናኝ አየሩን የሚሞላበት ቦታ ከሆነ ዓይነት ማማረጥ አያስፈልግም፤ የትኛውም አይሆንም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ እሳቱ ጋ ይደርሳል። ፕሮፔንም ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ከመኪና ሥር የሚሠራበት ጉድጓድ ባለው ጋራዥ ውስጥ ያመለጠ ጋዝ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ከአየሩ 2 ከመቶ ያህል ከሆነ ደግሞ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው የፍሬን ማጽጃውን ነው። ጣሳው ላይ ፐርክሎሮኢትሊን ወይም ሜቲሊን ክሎራይድ የሚል ከተጻፈበት ክሎሪን ያለበት ነው ማለት ነው። ትነቱ በእሳት ውስጥ ሲያልፍ ፎስጂንን ጨምሮ ሳንባ የሚጎዱ ጋዞች ይፈጠራሉ። ማሞቂያው በሚሠራበት ቀን ይህ ጣሳ ጨርሶ አይከፈትም።

ሌላው ፈቃድ ነው። ትልልቆቹ ማሞቂያዎች በአሜሪካ የሚሸጡት በግንባታ ወይም በጥገና ላይ ላለ ሕንፃ ጊዜያዊ ማሞቂያ ተብለው ነው፤ ጎናቸው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም ይህንኑ ይላል። ቋሚ ጋራዥ ውስጥ መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ የከተማውን የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትና የኢንሹራንስ ድርጅትዎን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ቃጠሎ ቢደርስ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያነበው ያንኑ ጽሑፍ ነው።

ስንት ቢቲዩ ያስፈልጋል?

የቤቱን ርዝመት፣ ወርድና የጣሪያ ከፍታ በጫማ ይለኩና ያባዙ። ውጤቱ ኪዩቢክ ጫማ ነው። ከዚያ ውጭ ካለው ቅዝቃዜ ተነሥቶ ስንት ዲግሪ ፋራናይት መውጣት እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ሁለቱን አባዝተው በ0.133 ሲያባዙ በሰዓት የሚያስፈልገው ቢቲዩ ይወጣል። 0.133 መጠነኛ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያግድ ልባስ) ላለው ቤት ነው። ባዶ ላሜራ ለሆነና በር በሚበዛበት ቤት 0.25 ይጠቀሙ።

ምሳሌ እንውሰድ። 40 በ30 ጫማ የሆነ፣ ጣሪያው 14 ጫማ የሚርቅ ጋራዥ 16,800 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ውጭው 15 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ የሚፈለገው 55 ነው፤ ልዩነቱ 40። ኢንሱሌሽን ካለው 89,000 ቢቲዩ ገደማ ይወጣል፤ ባዶ ላሜራ ከሆነ 168,000። ቤቱ ያው፣ ቅዝቃዜው ያው ሆኖ ፍላጎቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ሁለተኛ ማሞቂያ ከመግዛት በፊት የትልቁን በር ግርጌ ጎማ መቀየርና ጣሪያው ላይ ኢንሱሌሽን መምታት ብዙውን ጊዜ ያዋጣል። የበሩን ስንጥቅ ሲደፍኑ ግን ለማሞቂያው የሚያስፈልገውን አየርም እየደፈኑ ስለሆነ ከታች ያለውን የአየር ጉዳይ አይዝለሉት።

ካገኙት ቁጥር በጣም አይራቁ። ሙቀቱ የሚስተካከል፣ ለምሳሌ ከ75,000 እስከ 125,000 የሚሄድ ማሽን፣ በአንድ ልክ ብቻ ከሚነድ 150,000 ይሻላል። ከልክ በላይ የሆነው ቶሎ ቶሎ ይበራል ይጠፋል፤ ጣሪያው ሥር አየሩ ሲግል እግር ሥር ያለው እንደቀዘቀዘ ይቀራል።

ሦስቱ ዓይነቶች

ተኝቶ እንደ መድፍ አፍ የሚታየው በማራገቢያ የሚነፋው ነው። ሰፊ ቤትን ቶሎ ያሞቃል፤ ከጠዋቱ ቅዝቃዜ ለመውጣት የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ለማራገቢያው 120 ቮልት መብራት ይፈልጋል፣ ይጮኻል፣ አቧራም ያነሣል። ቀጥ ብሎ የሚቆመውና ሙቀቱን በዙሪያው የሚለቀው ክብ ማሞቂያ መብራት አይፈልግም፣ ጸጥም ያለ ነው። ሙቀቱ ግን ወደ ላይ ስለሚሄድ ቤቱ መሐል ቆሞ ዙሪያው ክፍት ካልሆነና ኮርኒሱ ላይ አየሩን ወደ ታች የሚመልስ ማራገቢያ ከሌለ የሚያሞቀው ጣሪያውን ነው።

ሦስተኛው ፊቱ ቀልቶ ጨረር የሚልከው ነው። አየሩን ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን ሰውና ዕቃ ያሞቃል። ሲሊንደር ራስ ላይ የሚታሰሩት ባለ አንድ ፊቶቹ 15,000 ቢቲዩ ገደማ ይሰጣሉ። በሩ በየአሥር ደቂቃው በሚከፈት ጋራዥ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚሠራ ከሆነ የእኛ ምርጫ ይህ ነው፤ በር በተከፈተ ቁጥር ሙቁን አየር ለጎዳና ከመስጠት ባንኮው አጠገብ የቆመውን ሰው ማሞቅ ጋዝ ይቆጥባል።

ሲሊንደሩ ይችለዋል?

ፕሮፔን ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ነው። የሚነደው ከፈሳሹ ላይ የሚተነው ጋዝ ነው፤ ለመትነን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ያንን ሙቀት የሚወስደው ከብረቱና በዙሪያው ካለው አየር ነው። ትልቅ ማሞቂያ በትንሽ ሲሊንደር ላይ ሲታሰር ፈሳሹ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከውጭ በኩል ፈሳሹ እስከደረሰበት ድረስ ነጭ ውርጭ ይታያል። ሰው ጋዙ አልቋል ብሎ ሲመልሰው ግማሽ ይገኝበታል። ፈሳሹ በጎደለ ቁጥር ከብረቱ ጋር የሚነካካበት ቦታ ስለሚያንስ ችግሩ ይብሳል።

ሒሳቡ ይህ ነው። አንድ ጋሎን ፕሮፔን 91,500 ቢቲዩ ገደማ ይሰጣል። ለባርቤኪው የምናውቀው 20 ፓውንድ ሲሊንደር ሲሞላ 430,000 ቢቲዩ ያህል ይይዛል፤ በ150,000 ማሞቂያ ላይ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በየነዳጅ ማደያው ባዶ ሰጥተው የሚቀይሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 15 ፓውንድ ብቻ ስለሚሞላ ከዚያም ያንሳል። 100 ፓውንዱ በዚሁ ማሞቂያ 14 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የማሞቂያው መመሪያ የሚፈቅደውን ትንሹን ሲሊንደር ይናገራል፤ ከ100,000 ቢቲዩ በላይ ለሆኑት ብዙውን ጊዜ 100 ፓውንድ ነው። ብርዱ ከጠና ሁለት ሲሊንደር በአንድ መስመር ማገናኘት ይቻላል፤ ይህን የጋዝ ባለሙያ ይሥራው። ውርጭ የያዘ ሲሊንደርን በእሳት ወይም በሌላ ማሞቂያ ለማሞቅ ፈጽሞ አይሞክሩ።

ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ፣ እንዳይወድቅ ታስሮ ይቀመጣል። ኦሻ፣ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ፣ ለግንባታ ቦታ ያወጣው ደንብ ሲሊንደር ራስ ላይ ከሚታሰሩት በቀር ማሞቂያው ከሲሊንደሩ ቢያንስ 6 ጫማ እንዲርቅ ያዛል። ነፊውንና ጨረር ላኪውን ደግሞ በ20 ጫማ ውስጥ ወዳለ ሲሊንደር ማዞር ይከለክላል። ጋዙ የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ አጭር ከሆነ ከዚህ ርቀት ጋር ስለማይሄድ ሲገዙ ርዝመቱን ይዩ። ትርፍ ሲሊንደር ቤት ውስጥ አያድርም።

አየርና እርጥበት

የመግቢያው አየር ስፋት ከማሽን ማሽን ቢለያይም ብዙዎቹ መመሪያዎች ለ100,000 ቢቲዩ ከ2 እስከ 3 ካሬ ጫማ ክፍት ቦታ ይጠይቃሉ። አየሩ እንዲዘዋወር አንዱን ክፍት ወለሉ አጠገብ፣ ሌላውን ኮርኒሱ አጠገብ ያድርጉ። እዚህ ላይ የሚሰስት ሰው ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ አየር ሲያንስ ከእሳቱ የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ፣ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጣል። ሽታ የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል።

መለኪያ ያስፈልጋል፤ ግን የመኖሪያ ቤቱ ማንቂያ አይበቃም። እሱ በ70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70) የሚጮኸው ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ነው፤ በአሜሪካ የሥራ ቦታ ሕግ የስምንት ሰዓቱ አማካይ ጣሪያ ግን 50 ነው። ቁጥሩን ከዝቅተኛው ጀምሮ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ ገዝተው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ይስቀሉ። ቁጥሩ መውጣት ከጀመረ ማሞቂያውን አጥፍቶ በር መክፈት ነው፤ ይጮህ እንደሆነ አይጠበቅም።

ፕሮፔን ሲቃጠል ውሃም ይሠራል። ከአንድ ጋሎን ፕሮፔን ከሦስት ሩብ ጋሎን በላይ ውሃ ይወጣል፤ 125,000 ቢቲዩ ማሽን በየሰዓቱ ከአንድ ጋሎን በላይ ውሃ አየሩ ላይ ይጨምራል ማለት ነው። ያ ውሃ ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፦ መፍቻ ላይ፣ የላሜራ ጣሪያ ላይ፣ ተጠርቦ ያደረ የሞተር ብሎክ ላይ። የተጠረበ ብረት ወይም እንጨት የሚያሳድር ሰው ይህን ከዋጋው ጋር ይደምረው።

ከፍታ

በኮሎራዶ ኦሮራና ዴንቨር ላሉ፦ ከተማው አንድ ማይል ከባሕር ጠለል በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ጋዙ አየር ሲያንሰው በደንብ አይነድም። መመሪያው እስከ ስንት ጫማ ከፍታ እንደሚፈቅድ ሳያዩ አይግዙ። ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ የሚል ካለ ደግሞ ከፍታው ከዴንቨርም ይበልጣል፣ መብራቱ 220 ቮልት ነው፣ የሲሊንደሩ አፍም ከአሜሪካው ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት ከሚቆጣጠረው ዕቃ) ጋር ላይገጥም ይችላል። ከዚህ ይዞ መሄዱን አንመክርም።

መግጠምና ማብራት

የ100 ፓውንዱ አፍ በብዛት ወደ ግራ የሚጠብቅ ስለሆነ በመፍቻ ያጥብቁት። የባርቤኪውው ፕላስቲክ ነት በእጅ ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ከዚያ ሳሙናን በውሃ በጥብጠው መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ይቀቡ። ቫልቩን በቀስታ ይክፈቱ፤ አረፋ ከወጣ ዘግተው እንደገና ያጥብቁ። ቀስታው ምክንያት አለው፦ ሬጉሌተሩ ወይም ነቱ ጋዝ በኃይል ሲመጣ ቱቦ ተበጠሰ ብሎ ራሱን የሚያጠብ መከላከያ አለው። በፍጥነት ከከፈቱት ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ በግማሽ ኃይል ይነድዳል። ይህ ከደረሰ ሁሉንም ይዝጉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ቀስ ብለው ይክፈቱ።

የነፊው ማሽን የመብራት ማራዘሚያ ባለ ሦስት እግርና ወፍራም ይሁን። በቀጭን ረጅም ገመድ ቮልቱ ሲወርድ ማራገቢያው ይዘገያል፣ አየር ያንሳል፣ እሳቱም ይበላሻል።

እምቢ ሲል

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ እምቢ ካለ ጎማው ውስጥ አየር አለ፤ ቁልፉን እስከ አንድ ደቂቃ ተጭነው ያቆዩ። በርቶ ቁልፉን ሲለቁት ከጠፋ እሳት መኖሩን የሚያረጋግጠው ቴርሞካፕል ገና አልጋለም፤ 30 ሰከንድ ይያዙት። አሁንም ከጠፋ ጫፉ እሳቱ ውስጥ መግባቱን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው ማሽኑ ሲጓጓዝ ነው። ይህን መከላከያ በሽቦ አስሮ ማስቀረት ጋዙ ሳይነድ ቤቱን እንዲሞላ መፍቀድ ነው።

ሰማያዊ መሆን የነበረበት እሳት ቢጫ ሆኖ ከተንቀለቀለ አየር አንሷል። በጋውን ሁሉ ቆሞ የነበረ ከሆነ ሸረሪት በቃጠሎው ቱቦ ውስጥ ድር ሠርታ ሊሆን ይችላል፤ ከሲሊንደሩ አላቅቀው በታመቀ አየር ይንፉት። አሥር ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ነፊ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ግሎ ነው፤ ከኋላው ያለው የአየር መግቢያ በጨርቅ ወይም በአቧራ ተደፍኖ፣ ወይም ግድግዳ ተጠግቶ ይሆናል።

ማታ ሲዘጋ መጀመሪያ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋል፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ነዶ ሲያልቅ ማሽኑ ይጠፋል። ሰው በሌለበት ወይም ሰው በተኛበት ቤት ውስጥ እነዚህ ማሞቂያዎች አይሠሩም።

ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ማሞቅ ካለብዎት ይህ ዓይነቱ ተገቢ አይደለም። ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል፣ ጭስ ማውጫ ያለው የጋዝ ማሞቂያ ሲገጠም ይወደዳል፤ እርጥበቱንና የተቃጠለውን ጋዝ ግን ወደ ውጭ ያወጣል፣ በር ከፍቶ መሥራትንም ያስቀራል። የመገጠሚያውን ዋጋ ጠይቀው ከአንድ ክረምት የፕሮፔን ወጪ ጋር ያስተያዩት።