«ድሬ ከሐረር ትሞቃለች»፦ በእንግሊዝኛ ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማስጽፈው «ድሬዳዋ ከሐረር ትሞቃለች» የሚለውን ነው። በነገሩ የሚከራከር የለም፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ሹራብ ይፈለጋል። የተማሪው መልስ ግን ብዙ ጊዜ «ድሬዳዋ ኢዝ ሆት ፍሮም ሐረር» ነው።

ሁለት ስህተት አለበት፣ ሁለቱም ከአማርኛችን የመጡ። እኛ ስናወዳድር ቃሉን አንነካውም፤ ሥራውን ሁሉ «ከ» ትሸከማለች። «ከሐረር መጣሁ» ሲባል «ከ» ፍሮም ስለሆነች፣ ተማሪው እዚህም እሷኑ ያመጣል። ስናወዳድር ግን ዛን ናት። ሆትም ሆተር ይሆናል፤ ሲጻፍ ቲ ትደገማለች። (እኛ «አለ»ን በአፍ እናጠብቃለን እናላላለን እንጂ ወረቀት ላይ አንለየውም። እነሱ ደግሞ ወረቀት ላይ ደግመው በአፍ ያላሉታል።)

ይህ ሲታረም ሌላው ይመጣል፦ «ሞር ሆተር»። አቦ፣ አንዱ ይበቃል! እንደ ቶል፣ ኦልድ፣ ቺፕ ያለው አጭር ቃል መጨረሻው ላይ ኧር ይጨምራል። እንደ ኤክስፔንሲቭ ያለው ረጅም ቃል ሞርን ያስቀድማል። ቢዚ ቢዚየር ይሆናል፣ ዋይዋ በአይ ተተክታ። ጉድ ቤተር፣ ባድ ወርስ፤ እነዚህን መሸምደድ ነው።

እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጫማ የሚሸጥ ተማሪዬ «ዚስ ዋን ኢዝ ቬሪ ቺፐር» ይላል። በአማርኛ «በጣም ርካሽ ነው»ም «ከዚያኛው በጣም ይረክሳል»ም እንላለን፣ «በጣም» ሁለቱን ትችላለች። ቬሪ ግን ከቺፕ ጋር እንጂ ከቺፐር ጋር አትገጥምም፤ ማች ቺፐር ይባላል።

የባጃጅ ሹፌር ቀስ እንዲል «ድራይቭ ሞር ኬርፉል» ብትሉትም ይገባዋል። ግን የምትገልጹት አነዳዱን ነውና ሞር ኬርፉሊ በሉ። ፋስት ይህን አይፈልግም፤ ፋስተር ብቻ ነው፣ «ፋስትሊ» የሚባል ቃል የለም።

ባለፈው አንድ የሐረር ልጅ «ሐረር ኢዝ ኦልደር ዛን ድሬዳዋ» ብሎ ያለ እንከን ጻፈ። ድሬ ከባቡሩ ጋር በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ምን ይባላል። ቀጠለናም «ሶ ሐረር ኢዝ ሞር ቤተር» አለ። ሞርን ሰረዝኩበት። የድሬ ልጆች ከኋላ ሆነው «ቲቸር፣ ቤተርንም ሰርዛት!» አሉ።