ትሉ ያልቃል፣ ዓሣው የለም፦ በፖቶማክ ወንዝ የብሉጊልና የክራፒ ችግርና መፍትሄ

ዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ በድልድይ ምሰሶ፣ በጀልባ ማቆሚያና በወደቀ ግንድ ሥር ብሉጊልና ክራፒ የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች ለምታጠምዱ ነው። ፈቃድ አውጥታችኋል፣ ክራችሁም ደህና ነው ብዬ ልቀጥል።

ቡሹ (ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው) ይንቀጠቀጣል፣ መንጠቆው ባዶውን ይመጣል

ወንዝ ዳር ዘወትር የምጠየቀው ይሄንን ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል፣ የመንጠቆው ትልቅነት ነው። የብሉጊል አፍ የትንሽ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው። ምግቡን ከውሃው ጋር ምጥጥ ያደርገዋል፤ ካልተመቸው ወዲያው ይተፋዋል። ሙሉ ትል ስታንጠለጥሉለት ጫፉን ይዞ ይጎትትና ቆርጦ ይሄዳል።

አንድ ወዳጄ ሙሉ ዕቃ ትል በአንድ ጠዋት ጨረሰ። «ለጀማሪ» ተብሎ የተሸጠለትን ሣጥን ከፍቼ ሳይ፣ መንጠቆዎቹ በሙሉ ካትፊሽ ለሚባለው ትልቅ ዓሣ የሚሆኑ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕቃ ለጀማሪ መሸጥ ያሳዝናል። ትንሹን ቁጥር 10 መንጠቆ አሰርንለት። እዚያው ምሰሶ ሥር፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ማውጣት ጀመረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ልጆቿን ይዛ የመጣች እናት «እዚህ ዓሣ የለም» ብላ ዕቃዋን ስትሰበስብ ደረስኩ። መንጠቆውን ብቻ ቀየርን። ልጆቹን ወደ ቤት መመለስ ከበዳት።

ስለዚህ ቁጥር 8 ወይም 10፣ ሽቦው ቀጭን፣ እግሩ ረዘም ያለ ግዙ። ልብ በሉ፦ እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ትሉን በጥፍራችሁ ቁረጡና አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህሉን ብቻ ስኩ፤ የሚንጠለጠል ጫፍ አይኑረው። ያንን እንደ ኳስ የሆነ ትልቅ ቀይና ነጭ ቡሽም ተዉት። ዓሣው ሲስበው ስለሚከብደው ትሉን ይተፋል። ቀጭንና ረዥም ቡሽ ይሻላል።

መንጠቆው ምሰሶው ላይ ይያዛል

ቀጭን ሽቦ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ተቃንቶ ይወጣል። በኃይል አትመንጭቁ! ክሩ ላይ የታሰረው ክብደት ተፈትልኮ ዓይን ያጠፋል። የተበጠሰውን ክርም ሰብስቡ፤ ወፍ ይጠላለፍበታል።

ክራፒው ዳር ሲደርስ ይወድቃል

የአፉ ቆዳ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል። በመረብ አንሱት።

ትናንት የሞላው ምሰሶ ዛሬ ባዶ ሆነ

ቼይን ብሪጅ ከሚባለው የፖቶማክ ድልድይ በታች ወንዙ ከባሕሩ ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ዓሣው ጅረቱ በማይመታው ጎን ይጠለላል። ጅረቱ ሲዞር እሱም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ እናንተም ተከተሉት። ከድልድዩ በላይ ግን ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ከላይ ጸጥ ያለ ቢመስልም ከሥር ሰው ይወስዳል።

ዓሣው እጅ ይወጋል

የጀርባው እሾህ ነው። መዳፋችሁን ከራሱ ወደ ጭራው አንሸራቱ፣ እሾሁ ይተኛል። ለድስት ካሰባችሁት ደግሞ፣ የዲሲ አስተዳደር የትኛው ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ቢበላ ደህና እንደሆነ የሚያወጣውን ማሳሰቢያ አስቀድማችሁ አንብቡ። በተለይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር የምታበስሉ።