የድሮ የቤዝቦል ስርጭቶችን በዲቪዲና በቪዲዮ ካሴት እንዴት መመልከት ይቻላል

ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተላለፈን የቤዝቦል ግጥሚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቤት ተቀምጦ መመልከት ጥቂት ዝግጅት ይጠይቃል።

በቅድሚያ ግጥሚያውን መምረጥ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የመቅረጫ ቴፕ ውድ ስለነበር ጣቢያዎቹ አንዱን ስርጭት አጥፍተው ሌላ ይቀዱበት ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሙሉ ሆነው የተረፉት ጥቂት ናቸው። ለጀማሪ የምመርጠው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1960 ፒትስበርግ ፓይሬትስ ኒው ዮርክ ያንኪስን በፎርብስ ፊልድ ስታዲየም ያስተናገደበትን የወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል ሻምፒዮን የሚለይበት ተከታታይ ውድድር) ሰባተኛ ግጥሚያ ነው። ከፓይሬትስ ባለድርሻዎች አንዱ የነበረው ዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ፣ ጨዋታውን በቀጥታ ለማየት ልቡ ስላልቻለ ወደ ፓሪስ ሄዶ፣ ስርጭቱ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እንዲቀረጽለት አድርጎ ነበር። አምስቱ የፊልም ጥቅሎች እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ ቤቱ የወይን ጠጅ ማከማቻ ውስጥ ተገኝተው ግጥሚያው በኋላ በዲቪዲ ወጣ። ውጤቱን እዚህ አልጽፍም፤ እናንተም አስቀድማችሁ አትፈልጉት። የዲቪዲው ሽፋን ራሱ ምስጢር ስለማይጠብቅ ዲስኩን ሌላ ሰው ቢከትላችሁ ይሻላል።

ቀጥሎ መሣሪያውን ማመቻቸት ነው። በአሜሪካ የታተመ ዲቪዲ አብዛኛውን ጊዜ ዓለም ለዲቪዲ ሽያጭ ከተከፋፈለባቸው ቀጠናዎች ለቀጠና 1 የተቆለፈ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በቀጠና 5፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በቀጠና 2 ስለሚመደቡ፣ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተመልካች የሁሉንም ቀጠና ዲስክ የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልገዋል። በኮምፒውተር ማየትም ይቻላል፤ ነገር ግን የኮምፒውተሩ ዲቪዲ ማንበቢያ ቀጠናውን የሚቀይረው አምስት ጊዜ ብቻ ነው።

ካሴት ከሆነ ጥንቃቄው ይበዛል። ዴኩ (የካሴት ማጫወቻው) የአሜሪካውን የኤንቲኤስሲ የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት የሚያጫውት መሆኑን አረጋግጡ። ካሴቱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ በመስኮቱ በኩል ክሩን ተመልከቱ፤ በጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ስለሆነ ቴፑን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ ያበላሻል፣ ዴክ ውስጥ አታስገቡት። ንጹሕ ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ ወደ መጀመሪያው መልሱት። ሰው ቤቱ የቀዳው ካሴት ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰዓቱን ቴፕ ወደ ስድስት ሰዓት በሚያስረዝመው ዘገምተኛ ፍጥነት የተቀዳ በመሆኑ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን የዴኩን የትራኪንግ (የቴፕ ንባብ ማስተካከያ) ቁልፍ ቀስ እያሉ በማስተካከል መቀነስ ይቻላል። የቴሌቪዥኑን የምስል ቅርጽ ደግሞ አራት በሦስት ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ተጫዋቾቹ ሁሉ አጭርና ወፍራም ሆነው ይታያሉ።

ዋናው ሥራ ግን በእርሳስና በወረቀት የሚሠራው ነው። ውጤቱን ያለማቋረጥ ስክሪን ላይ ማሳየት በቤዝቦል ስርጭት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ የተቆጠረን ነጥብ ወዲያው ደግሞ ማሳየትም በ1960 ገና አልተለመደም ነበር፤ ለሻይ የተነሣ ሰው ያመለጠው አመለጠው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ መቺዎችን ወደ ታች፣ ዘጠኙን ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወደ ጎን የያዘ ሠንጠረዥ አስምሩ። ተከላካዮች በቁጥር ይጠራሉ፦ ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው ካቸር 2፣ የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ቤዝ ጠባቂዎች 3፣ 4 እና 5፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6፣ የግራ፣ የመሐልና የቀኝ ሜዳ ተጫዋቾች 7፣ 8 እና 9 ናቸው። መሬት ለመሬት የተመታችን ኳስ ሾርትስቶፑ አንሥቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ወርውሮ መቺውን ካስወጣው በሳጥኑ ውስጥ 6-3 ተብሎ ይጻፋል። በሦስት ስትራይክ (ስቶ ወይም ሳይመታ ባሳለፈው ትክክለኛ ውርወራ) የወጣ መቺ ኬ (K) በሚባለው የላቲን ፊደል ይመዘገባል፤ በዚህ ግጥሚያ ግን ከሁለቱም ወገን በስትራይክ የወጣ አንድም ተጫዋች ስለሌለ፣ በወርልድ ሲሪስ ታሪክም እንዲህ ያለ ሌላ ግጥሚያ ስላልታየ፣ ወረቀታችሁ ላይ ያ ፊደል ካለ መዝገቡን እንደገና አስተካክሉት።