ካንሰር የያዘው ሰው እግሩ ሲያብጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴ ኬሞ በጀመረች በሁለተኛው ወር ግራ እግሯ አበጠ። የቀኙ ጫማ ገባ፣ የግራው እምቢ አለ። «ድካም ነው፣ ሲታሽ ይለቀኛል» አለችን። እኛም ቅባት አሙቀን ስናሽላት አመሸን።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባቷ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። የረጋ ደም ሲታሽ ተላቆ ሳንባ ውስጥ ሊወተፍ ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ አትሹ፣ ወጌሻ ጋም አትውሰዱ።

ሁለተኛው «እስኪ ነገ እንየው» ማለት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ካላችሁ፣ ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳችሁ ሁለቱንም ባት ለኩ። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ሐኪሞች በቁም ነገር የሚያዩት ምልክት ነው። ልዩነቱ ቢያንስም ካመማት፣ ከሞቃት ወይም ከቀላ በዚያው ቀን ሂዱ። ምርመራው ዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ የሚያይ) ነው፤ አያምም። ስትገቡ መጀመሪያ «የካንሰር ታማሚ ናት» በሉ።

ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይም ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ደረቷን ከወጋት ግን «ብርድ መትቷት ነው» ብሎ ሻይ ማፍላት የለም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

ሌላው፣ ካንሰሩና እብጠቱ አይገናኙም ብሎ ማሰብ። ይገናኛሉ። ዕጢው ራሱ ደም የሚያረጉ ነገሮችን ይለቃል፤ በተለይ የቆሽትና የጨጓራ ካንሰር። ኬሞው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቱቦና ብዙ መተኛት ደግሞ ይጨምሩበታል። የፓሪሱ ሐኪም አርማን ትሩሶ ይህን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1865 አስተምሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ምልክቱን በራሱ ላይ አየው፤ በካንሰርም ሞተ።

የመጨረሻው መድኃኒቱ ላይ ነው። እብጠቱ ሲጎድል የደም ማቅጠኛውን ማቆም የተለመደ ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር ይወሰዳል፤ ካንሰሩ ካልጠፋ ወይም ሕክምናው ከቀጠለ ከዚያም ያልፋል። አስፒሪን አይተካውም። ለራስ ምታት ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ አትግዙላት፤ ከደም ማቅጠኛው ጋር ሲወሰዱ ሊያደሟት ይችላሉ።

አክስቴ የደም ማቅጠኛ መርፌውን ሆዷ ላይ ራሷ መውጋት ለመደች። አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ። የወጋችበትን ጎን እንዳትረሳ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርግ ነበር።